ኮልማንስኮፕ፦ አሸዋ የዋጣትን የአልማዝ ከተማና ዙሪያዋን እንዴት እንጎብኝ?

ናሚቢያ ውስጥ ወዳለችው ወና ከተማ፣ ወደ ኮልማንስኮፕ የሚሄዱ ብዙዎች አንድ ስህተት ይሠራሉ፤ አርፍደው ይደርሳሉ። ማለዳ ከኪትማንስሁፕ ይነሳሉ፣ አውስ ላይ ቡና ይጠጣሉ፣ የበረሃውን የዱር ፈረሶች ቆመው ያያሉ፣ ሲደርሱ ቀትር ሆኗል። የከተማዋ በር ደግሞ ቀን በ7 ሰዓት ይዘጋል። የቀረቻቸውን አንድ ሰዓት በሩጫ ይጨርሱና፣ አሸዋ እስከ ወገቡ የሞላው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው ሁለት ሦስት ፎቶ ያነሳሉ፤ ከዚያ አሸዋውን በጸጉራቸውና በጫማቸው ይዘው ወደ ወደቧ ከተማ ወደ ሉደሪትዝ ይነዳሉ። ፎቶው ያምራል። ከተማዋን ግን አላዩዋትም።

እኔ የምመክረው ለአካባቢው ሦስት ሌሊት መስጠት ነው፤ ኮልማንስኮፕን ራሷን ደግሞ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች ማየት። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ከታች እንደማስረዳው፣ መጀመሪያ የሚታየው ኮልማንስኮፕ ሳትሆን ሉደሪትዝ ወደብ ላይ ያለች አንዲት ድንጋያማ ቦታ ናት። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሳት በፊት፦ ቦታው ምን ነበር?

ኮልማንስኮፕ በደቡብ ምዕራብ ናሚቢያ፣ ናሚብ በረሃ ውስጥ፣ ከአትላንቲክ ዳርቻዋ ከሉደሪትዝ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ናት። ስሟ የመጣው ጆኒ ኮልማን ከሚባል የበሬ ሠረገላ ነጂ እንደሆነ ይነገራል። የአሸዋ ማዕበል ያዘውና ሠረገላውን እዚያ ጉብታ ላይ ጥሎ ሄደ፤ ጉብታው የእሱ ሆኖ ቀረ።

አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረበት ዘመን፣ በኤፕሪል 1908 ዘካሪያስ ሌዋላ የሚባል ሠራተኛ ግራስፕላትዝ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ከሐዲዱ ላይ አሸዋ በአካፋ ሲዝቅ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አገኘ። ሌዋላ ቀደም ሲል ደቡብ አፍሪካ፣ ኪምበርሊ የአልማዝ ማዕድን ውስጥ ስለሠራ ያየውን አውቆታል። ድንጋዩን ለአለቃው ለአውጉስት ሽታውኽ ሰጠ። ሽታውኽ ነገሩን አጣርቶ የፍለጋ ፈቃድ አወጣና ሚሊየነር ሆነ። ሌዋላ ምንም አላገኘም። ሽታውኽም በ1930ዎቹ መግቢያ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ሀብቱን አጥቶ በ1947 ድሃ ሆኖ ሞቷል፤ ለሌዋላ የሚበጅ ማጽናኛ ግን አይደለም።

አልማዙ እዚያ ምን አመጣው? ይህን ማወቅ ኋላ መልክዓ ምድሩን ስታዩ ይጠቅማችኋል። ኦሬንጅ ወንዝ ከደቡብ አፍሪካ መሃል አገር አልማዝ እያጠበ ወደ አትላንቲክ ይጥላል። የባሕሩ ሞገድ ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን ይገፋዋል፤ ቀጥሎ የማያባራው የደቡብ ነፋስ ቀላሉን አሸዋ እየነፈሰ ወስዶ ክብደት ያለውን ድንጋይ በሸለቆዎቹ ወለል ላይ ይተወዋል። እህል በሰፌድ እንደማንገዋለል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መቆፈር እንኳ አላስፈለገም፤ ሠራተኞች ተሰልፈው፣ መሬት ላይ በሆዳቸው እየተሳቡ ይለቅሙት ነበር። እስከ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ድረስ ብቻ ከአካባቢው አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ አልማዝ ወጥቷል።

በዚያ ገንዘብ ነው ይህች ጠብታ ውሃ የሌላት ጉብታ የመብራት ኃይል ማመንጫ፣ ሆስፒታል፣ የዳንስ አዳራሽ፣ የበረዶ ፋብሪካ፣ ዳቦ ቤትና ትምህርት ቤት የኖራት። ውሃው በመርከብ ከኬፕ ታውን ይመጣ ነበር። ወደ 300 ጀርመናውያን ከ40 ያህል ልጆች ጋር ቪላ ቤቶቹ ውስጥ ኖረዋል። ከሰሜን በኮንትራት የመጡት 800 ገደማ የኦዋምቦ ሠራተኞች ደግሞ ለብቻ በተከለለ የወንደላጤ ሰፈር። በ1928 ከኦሬንጅ ወንዝ አፍ አጠገብ እጅግ የበለጠ ክምችት ሲገኝ ሰው ወደ ደቡብ ይጎርፍ ጀመር። በ1956 የመጨረሻው ነዋሪ ወጣ፤ አሸዋው ገባ።

ዝግጅት

ቪዛን ከሁሉ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሕጉ በፓስፖርታችሁ አገር ይለያያል፤ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ እንደ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ጀርመን ያሉ አገሮች ፓስፖርት የያዘም ቪዛ ይጠየቃል። የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ ዘመዶቻችን «ለእኔ አያስፈልግም» ብላችሁ አትነሱ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት።

ገንዘቡ የናሚቢያ ዶላር ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር አንድ ለአንድ ይመነዘራል፣ ራንድም በየሱቁ ይቀበላሉ። በተቃራኒው የናሚቢያ ዶላር ከአገሩ ሲወጣ ፈላጊ ስለሌለው የተረፋችሁን እዚያው ጨርሱት። ሶኬታቸው እንደ ደቡብ አፍሪካው ሦስት ወፋፍራም ክብ እግር ያለው ነው፤ የእኛ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር አይገባም። አዳፕተሩን ዊንድሆክ ላይ ግዙ። ሉደሪትዝ ትንሽ ከተማ ናት፣ እሁድ ከደረሳችሁ ደግሞ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው።

የሰዓቱን ነገር እንደ ቀልድ አትለፉት። ናሚቢያ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በዚያ ላይ እነሱ በፈረንጅ አቆጣጠር «9:30» ሲሉ በእኛ አነጋገር ጠዋት 3፡30 ማለት ነው። ቦሌ ላይ ያደረ ሰዓትና በአማርኛ የሚቆጥር ጭንቅላት ተደምረው ጉብኝት ያስመልጣሉ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች በናሚቢያ ሰዓት ሆነው በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልብስን በተመለከተ «በረሃ ነው» ብሎ በሸሚዝ የሄደ ይቀጣል። ዳርቻውን የሚያልፈው የቤንጉዌላ የባሕር ሞገድ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሉደሪትዝ ብርዳም፣ ጭጋጋምና ነፋሻ ናት። ወፍራም ሹራብ፣ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ የፀሐይ መነጽርና አፍንጫና አፍ የሚሸፍን ስካርፍ ያዙ። እኔ ነጠላ ነው የምይዘው። ስስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ካሜራም ይጠቀለልበታል። ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን።

ከኦክቶበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ የከሰዓቱ ነፋስ እጅግ ኃይለኛ ነው። በዚያ ወቅት ሉደሪትዝ አጠገብ በተቆፈረ ቦይ በሸራ የሚነዱ ሰዎች የዓለም የፍጥነት ሪከርድ የሚሰብሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2015 አንድ ፈረንሳዊ በሰዓት ወደ 99 ኪሎ ሜትር ሄዶበታል። መለስተኛ ነፋስ ለሚፈልግ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ይሻላል።

መኪናና መንገድ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ዊንድሆክ ይበራል። ከዊንድሆክ ሉደሪትዝ የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ መቀመጫው ግን ጥቂት ስለሆነ ቀደም ብሎ መያዝ ይጠይቃል። ነፃነት የምትፈልጉ ከሆነ መኪና ተከራዩ። አገሩ ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ቢኖርም፣ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ እግር የሚሆናችሁ መኪና ነው።

መኪናውን ስትረከቡ የምታደርጉትን በዝርዝር ልናገር፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከአገራችሁ አውጥታችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ የኢንሹራንስ ውሉን አንብቡ፤ በተለይ «የአሸዋ ጉዳት» የሚለውን። በነፋስ የተገፋ አሸዋ የመኪና ቀለም ይልጣል፣ የፊት መስታወቱንም እንደ ብራና ያደበዝዘዋል። ብዙ ውሎች ይህን አይሸፍኑም፤ መስታወትና ጎማ በተናጠል የሚከፈልባቸው ናቸው። ሦስተኛ፣ ስኮርታውን በዓይናችሁ እዩ፣ ክሪኩም መኖሩን አረጋግጡ። ፒስታ መንገድ ላይ ለመውጣት ካሰባችሁ ሁለት ስኮርታ ጠይቁ። አራተኛ፣ የመኪናውን አራት ማዕዘን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። እኔ ሳልቀርጽ ቀርቼ፣ መኪናውን ስመልስ የድሮ ጭረት ከፍያለሁ።

የሚነዳው በግራ ነው። እኛ በቀኝ የለመድን ሰዎች ቀጥታው መንገድ ላይ ብዙም አንቸገርም፤ የምንሳሳተው ከነዳጅ ማደያ ስንወጣና ባዶ መንገድ ላይ ስንታጠፍ ነው። ጎናችሁ የተቀመጠው ሰው በየመታጠፊያው «ግራ!» እያለ ይጩኽ። ያሳፍራል እንጂ ይሠራል።

ከዊንድሆክ በቢ1 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ፣ ሬሆቦትንና ማሪየንታልን አልፋችሁ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ኪትማንስሁፕ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወደ ምዕራብ በቢ4 እስከ ሉደሪትዝ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁሉም አስፋልት። በአንድ ቀን ጨርሰነው እንደር የሚሉ አሉ። አትሞክሩት። ከመሸ በኋላ ኩዱና ኦሪክስ የሚባሉ ትልልቅ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳት ከጨለማ ዘልለው መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ ደግሞ አሸዋው ራሱ አስፋልቱን ያቋርጣል። ኪትማንስሁፕ እደሩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከከተማው በ14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ያለውን የኮከርቡም ዛፎች ደን እዩ። ግንዱ ቆዳው የተላጠ የሚመስል፣ ጫፉ እሬት የሆነ ዛፍ ነው፤ ዘመዱም እሬት ነው። የሳን ሕዝቦች ቅርንጫፉን ቦርቡረው የፍላጻ ሰገባ ያደርጉት ነበር።

በማግሥቱ ነዳጅ ሞልታችሁ ተነሱ። አውስ ላይ እንደገና ሙሉ። አውስ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ትንሽ መንደር ናት፤ በ1915 የጀርመን ጦር ለደቡብ አፍሪካ እጁን ሲሰጥ የተማረኩት ወታደሮች እዚህ ታስረው ነበር። ድንኳኑ ሲያንገበግባቸው ራሳቸው ጡብ ሠርተው ቤት ገነቡ፤ በኋላም ለጠባቂዎቻቸው ጡብ ሸጡላቸው ይባላል። ፍርስራሹ አሁንም ይታያል።

ከአውስ በስተምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጋሩብ የሚል ምልክት ሲገጥማችሁ ወደ ቀኝ ታጠፉ። በረሃ ውስጥ የሚኖሩ የዱር ፈረሶች ውሃ የሚጠጡበት ቦታ ነው፤ መመልከቻ ዳስ ተሠርቶለታል። አመጣጣቸው ብዙ ያከራክራል፤ ከጀርመንና ከደቡብ አፍሪካ ጦር በ1915 ያመለጡ ናቸው የሚለው ሚዛን ይደፋል። አትመግቧቸው፣ አትጠጓቸው። ሃያ ደቂቃ በዝምታ ብትቀመጡ እነሱ ይመጣሉ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። የመጨረሻዎቹ 20 ኪሎ ሜትሮች ላይ ፍጥነት ቀንሱ፤ በስተግራ የምታዩት የአሸዋ ክምር ሌሊት ሌሊት መንገድ ያቋርጣል። በስተቀኝም በስተግራም ሽቦና የ«አትግቡ» ምልክት አለ። ኮልማንስኮፕን ከመንገዱ ታዩዋታላችሁ። ልባችሁ ቢጓጓም እለፏት።

የመጀመሪያው ከሰዓት፦ ሻርክ አይላንድ

ሉደሪትዝ ክፍላችሁን ይዛችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ቀጥታ ወደ ሻርክ አይላንድ ሂዱ። ስሙ ደሴት ይባል እንጂ ዛሬ ከየብስ ጋር በመንገድ የተያያዘ ድንጋያማ ምላስ መሬት ነው። ከ1905 እስከ 1907 የጀርመን ቅኝ ገዥ ጦር የሄሬሮና የናማ ሰዎችን፣ ሴቶችና ሕፃናትን ጨምሮ፣ ያጎረበት ካምፕ ነበር። በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ ከ1,000 እስከ 3,000 የሚገመት ሰው እዚህ አልቋል። የናማው መሪ ኮርኔሊየስ ፍሬድሪክስ በፌብሩዋሪ 1907 የሞተው እዚሁ ነው፤ የመታሰቢያ ድንጋይ አለው። የሟቾችን የራስ ቅል «ለምርምር» ወደ ጀርመን ላኩት። የመጀመሪያዎቹ 20 የራስ ቅሎች ከበርሊን የተመለሱት በ2011 ነው። የጀርመን መንግሥት ድርጊቱን ዘር ማጥፋት ብሎ የጠራው በ2021።

የጣሊያን እስር ቤቶች የነበሩትን የናኩራንና የዳናኔን ስሞች ከአያቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ሲቆም ማንም ማብራሪያ ሊሰጠው አያስፈልግም።

ከኮልማንስኮፕ በፊት ይህን ቦታ እዩ ያልኩበት ምክንያት ሐዲዱ ነው። ከሉደሪትዝ ወደ አውስ የሚሄደውን ያን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ የነበሩት የእነዚህ ካምፖች እስረኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሥራው ላይ ሞተዋል። በ1908 ዘካሪያስ ሌዋላ አሸዋ ሲዝቅለት የነበረው ሐዲድ ይኸው ነው። ነገ ቪላዎቹን ስታዩ ማን ምን ላይ እንደሠራቸው ታውቃላችሁ ማለት ነው።

በቦታው ላይ ዛሬ ድንኳን መትከያና ማረፊያ አለ። ዕይታው ያምራል፣ ዋጋውም አይጎዳም ይሏችኋል። እኔ አላድርበትም። እናንተ የራሳችሁን ወስኑ።

ከዚያ ስትመለሱ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ፌልሰንኪርሸ ግቡ። «የዓለት ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው፤ በ1912 የተመረቀ የሉተራውያን ጸሎት ቤት፣ ከከተማው በላይ አለት ላይ የተቀመጠ። ለጎብኚ የሚከፈተው አመሻሽ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰዓቱን ከማረፊያችሁ ጠይቁ። የምዕራብ ፀሐይ በባለ ቀለም መስታወቶቹ ሲገባ ማየት ነው ጉዳዩ። የመሠዊያውን መስኮት የሰጠው ራሱ ካይዘር ዊልሄልም ሁለተኛ ነው። በዚያው ዘመን የተፈጸመውን ከአንድ ሰዓት በፊት አይታችሁ ስለመጣችሁ መስታወቱን የምታዩበት ዓይን የተለየ ይሆናል።

ሁለተኛው ቀን፦ ኮልማንስኮፕ ከአስጎብኚ ጋር

በሩ የሚከፈተው ጠዋት በ2 ሰዓት ነው። በአስጎብኚ የሚደረገው ጉብኝት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በ3፡30 እና በ5 ሰዓት፣ እሁድና በበዓል ቀን በ4 ሰዓት ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ። ሰዓቱ ሊለወጥ ስለሚችል ማታውን ማረፊያችሁን አስጠይቁ። እናንተ በ2 ሰዓት በሩ ላይ ሁኑ። ጉብኝቱ እስኪጀምር ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ከቀኑ ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ነፋሱ ገና አልተነሳም፣ ብርሃኑ በምሥራቅ መስኮቶች ጎን ለጎን ይገባል፣ አሸዋው ላይ የሌሊቱ ዱካ አለ። ዱካውን ዝቅ ብላችሁ እዩት። ጥንዚዛ፣ እባብ፣ አንዳንዴም ቡናማ ጅብ አልፎበት ይሆናል።

በዚያ ሰዓት ከበሩ በጣም ወደሚርቁት ቤቶች ሂዱ፤ ሌላው ጎብኚ ከቅርቡ ስለሚጀምር ብቻችሁን ትሆናላችሁ። ወለል ስትረግጡ አሸዋ ያለበትን ምረጡ፤ ባዶው ጣውላ ነው የሚከዳው። ደረጃ የተበላበት ፎቅ ላይ አትውጡ። ክፍል ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጥግ ጥጉን አይታችሁ ግቡ፣ እባብ ጥላ ይወዳል። የሌላውን ሰው ፎቶ ላለማበላሸት ደግሞ ያልተረገጠ አሸዋ ባለበት ክፍል በግድግዳው ጥግ ተራመዱ።

በ3፡30 ካሲኖ ወደሚሉት ትልቁ ሕንጻ ተመለሱ። ካሲኖ ቢባልም ቁማር ቤት ሳይሆን የመዝናኛ አዳራሽ ነበር። የጂምናስቲክና የትያትር አዳራሹ የድምፅ አሠራሩ የታወቀ ነው፤ አንዱ መድረኩ ላይ ቆሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉር፣ ሌላው ጀርባ ላይ ይስማ። ኳስ አንከባልለው እንጨት የሚጥሉበት መጫወቻም አሁን ድረስ አለ። ከዚያ አስጎብኚው በረዶ ፋብሪካውንና ሥጋ ቤቱን ያሳያችኋል። ለየቤቱ በየማለዳው በረዶ ይታደል ነበር። የሰው አገር በረሃ ላይ በረዶ!

ሆስፒታሉን በራሳችሁ ጊዜ ተመለሱበት። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በሮቹ ተሰልፈው፣ የግድግዳው ቀለም ተላጥቶ። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ የመጀመሪያው የራጅ መሣሪያ የገባው እዚህ ነው እያሉ አስጎብኚዎች ይተርካሉ። የተሰበረ አጥንት ለማየት ብቻ አልነበረም፤ የተዋጠ አልማዝ ለመፈለግም ነው። ማን ሆድ ውስጥ እንደሚፈለግ መገመት አያቅትም።

አስጎብኚውን ሁለት ነገር ጠይቁት። የኮንትራት ሠራተኞቹ ሰፈር የት ነበር? ሌዋላስ በኋላ ምን ሆነ? ጥያቄው ካልተነሳ ጉብኝቱ በአርክቴክቱ፣ በሐኪሙና በአስተማሪው ቤት ዙሪያ አልቆ ይቀራል፤ ፎቶዎቹም ሁሉ የእነዚያ ቤቶች ናቸው። ካሲኖው ውስጥ ያለው ትንሽ ሙዚየምም የድሮ ፎቶዎችን ይዟል። መሬት ላይ በሆዳቸው የሚሳቡትን ለቃሚዎች ፈልጉ።

ሦስተኛው ቀን፦ ሁለተኛው ጠዋት

ተራው መግቢያ ከ2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ብቻ ያገለግላል። ፎቶ ለሚያነሱ ደግሞ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ የሚያስቆይ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ልዩ ፈቃድ አለ፤ ከቀኑ ቀደም ብላችሁ ሉደሪትዝ ላይ ግዙት። ካሜራ ባይኖራችሁም ይህን ፈቃድ አንድ ቀን መክፈል ይገባዋል እላለሁ። ጎህ ሲቀድ ስትገቡ ትናንት ያያችሁት ክፍል ተለውጦ ታገኙታላችሁ፤ የእናንተ ዱካ ጠፍቷል፣ በሩ አንድ ጣት ተጨማሪ ተቀብሯል።

ፎቶን በተመለከተ አጭር ምክር፦ ሌንስ እዚያ ውስጥ አትቀይሩ፣ አንድ ሌንስ ገጥማችሁ ግቡ። ስልክ የምትጠቀሙ የቻርጀሩን ቀዳዳ በፕላስተር ድፈኑ። ከአሸዋው ይልቅ በሮቹን ተከተሉ፤ አንዱ በር በሌላው በር ውስጥ ሲታይ ነው ቤቱ ጥልቀት የሚያገኘው።

የተከለከለው ክልል

በሴፕቴምበር 1908 ጀርመኖቹ ከኦሬንጅ ወንዝ ጀምሮ ወደ ሰሜን፣ ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ የሚገባ መሬት አጥረው ሽፐርገቢት አሉት፤ የተከለከለ ክልል። ጀርመን ሄደች፣ ደቡብ አፍሪካ መጣች፣ ናሚቢያ በማርች 1990 ነፃ ወጣች፤ ክልከላው ግን ቀጠለ። በ2008 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሰው ለመቶ ዓመት እንደ ልቡ ስላልረገጠው ዕፅዋቱ ከሌላው ተርፏል።

ኤልሳቤጥ ቤይ የሚባለው ሌላው ወና የማዕድን ከተማ፣ ፖሞናና 55 ሜትር ከፍታ ያለው የቦገንፌልስ የድንጋይ ቅስት እዚህ ውስጥ ናቸው። በራሳችሁ መግባት አትችሉም። ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ጋር ብቻ ነው፤ የፓስፖርት ኮፒ ቀደም ብሎ ይላካል፣ ማጣራትም አለው። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ጀምሩ። ቦገንፌልስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ጊዜ ካጠራችሁ ከሁለቱ ጠዋቶች አንዱን ቆርጣችሁ አትሂዱ፤ ይልቅ ይህን ተዉት።

ባሕሩ ዳር

ከሰዓቱን ለዲያዝ ፖይንት ስጡት። ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜው ዲያዝ በ1488 የድንጋይ መስቀል ያቆመበት ጫፍ ነው፤ አሁን ያለው ቅጂ ነው። ከከተማው የሚወስደው ፒስታ መንገድ ነው፣ በዝግታ ይነዳል። ሁለት ጃኬት ደርቡ። ከዚያ ፊት ለፊት ሃሊፋክስ ደሴት አለች፤ አጉሊ መነጽር ከያዛችሁ የአፍሪካ ፔንግዊኖችን ታያላችሁ። ይህ ዝርያ በ2024 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። ይበልጥ መቅረብ የምትፈልጉ ጠዋት ከወደቡ የሚነሳ ጀልባ አለ፤ ባሕሩ ከተቆጣ ይሰረዛል፣ ስለዚህ በመጨረሻው ቀን አታስቀምጡት።

ከተማው ውስጥ የአልማዝ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው የሃንስ ጎርከ ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። ኮልማንስኮፕ ያያችሁት ቪላ አሸዋ ሳይገባው ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ብቻ ግቡ።

ለምግብ ሉደሪትዝ በኦይስተርና በባሕር ክሬይፊሽ የታወቀች ናት። በጾም ከሄዳችሁ ግን ተቸግራችኋል፤ ሥጋ ሲሉ በሬ ብቻ የሚመስላቸው፣ «ሥጋ የለበትም» ብለው ዶሮ የሚያቀርቡ አሉ። በሶና ቆሎ ያዙ። ረጅሙ መንገድ ላይም ባለውለታ ይሆናል።

ከዕድሜ ጠገብ ናሚቢያዊ ጋር ወግ ከገጠማችሁ ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናሚቢያን በተመለከተ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰው ነበር፤ በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ድምፅ ክሱ ወደቀ። በዚያው ዓመት ነው የናሚቢያ የነፃነት ትጥቅ ትግል የተጀመረው።

ስትመለሱ

ጊዜ ካላችሁ ከአውስ በስተምሥራቅ ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ በፊሽ ሪቨር ካንየን በኩል ዙሩ። 160 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ እስከ 550 ሜትር ነው። የዓባይን በረሃ በጎሐ ጽዮን በኩል የወረደ ሰው በጥልቀቱ አይደነግጥም፤ ዝምታው ግን ሌላ ነው።

መነሻችሁ ላይ ኪሳችሁን፣ ቦርሳችሁንና የልጆቻችሁን ጫማ ፈትሹ። በተከለከለው ክልል ጠጠር ማንሳት አይፈቀድም፤ ናሚቢያ ውስጥ ያልተጠረበ አልማዝ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያሳስራል። ሉደሪትዝ መንገድ ላይ ተጠግቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር የሚያሳያችሁ ሰው ካለ፣ ሳታዩት እለፉ። ወይ ጠርሙስ ስባሪ ነው፣ ወይ ወጥመድ ነው፣ ወይ ደግሞ እውነተኛ አልማዝ ነው፤ ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው።